የጉግሳ አፍንጫና የኮሮላዋ አፍንጫ

በድሬዳዋ ሰው ሁለት ስም አለው። አንዱን ወላጆቹ ያወጡለታል፤ እሱ ለመታወቂያና ለቀብር ማስታወቂያ ይሆናል። ሁለተኛውን ሰፈር ይለጥፍበታል፤ እሱን ይዞ ይኖራል። ሰፈር ደግሞ ምሕረት የለውም። አንዴ ከባጃጅ ላይ የወደቀ ሰው ዕድሜ ልኩን «ፓራሹት» እየተባለ ይኖራል፤ በሠርጉ ቀን ሳይቀር ሚዜዎቹ «ፓራሹት ሙሽራው» እያሉ ይዘፍኑለታል።

ጉግሳ ግን ከዚህ መዓት ተርፎ «አፍንጫ» ነው የሚባለው። ስድብ እንዳይመስላችሁ፤ ማዕረግ ነው፣ ያውም የውርስ። አባቱ የምድር ባቡር ዴፖ ሠራተኛ ነበሩ። ከዚራ ሰፈር ባለው ቤታቸው በረንዳ ላይ ተቀምጠው፣ ባቡሩ ገና ከኤረር ሳይነሳ ነፋሱን አንድ ጊዜ ሳብ ያደርጉና «ዛሬ የሚመጣው ያ ሰነፉ ነው፤ ዘይት እየበላ ነው» ይሉ ነበር። ይህን የሚያወራው ጉግሳ ራሱ ነው። ኤረር ከድሬዳዋ ምን ያህል እንደሚርቅ የሚያውቅ ሰው፣ ጉግሳ ሲያወራ ባይመጣ ይመረጣል።

ጉግሳም ቢሆን አፍንጫ ነበረው፤ ያንን ጠላቱም አይክደውም። አሮጌ መኪና ለመግዛት ያሰበ ሰው መጀመሪያ ጉግሳን ያመጣል። ጉግሳ ሞተሩ እንዲነሳ ያዛል፣ ከጭስ ማውጫው ኋላ ቁጢጥ ይላል፣ ዓይኑን ይጨፍናል፣ ይስባል። ሰው ሁሉ ትንፋሹን ይይዛል። ከዚያ ቀስ ብሎ ይነሳና፣ «ይቺ ውሃ እያቃጠለች ነው፤ የሞተሯ ራስ፣ ቴስታታዋ፣ ተነክቷል» ይላል። ወይም ደግሞ፣ «ይቺማ ጂቡቲ ወደብ ላይ ባሕር ጠጥታ ነው የመጣችው፤ አሳ አሳ ትላለች» ይላል። ዋጋ ይወርዳል፣ ሻጭ ይሳደባል፣ ገዢ ይመርቃል። በርጫ ላይ፣ ከምሳ በኋላ ሰው ጫቱን ይዞ በሚሰበሰብበት ቦታ፣ ለጉግሳ የሚቀመጥለት ትራስ ከግድግዳው በኩል ያለው ትልቁ ነበር።

ከጥቂት ዓመታት በፊት ታዲያ፣ ዓለም ሁሉ አፍና አፍንጫውን በጨርቅ ሸፍኖ በከረመበት ዘመን፣ ጉግሳን ትኩሳት ጣለው። የጉግሳ ትኩሳት የማንም ዓይነት ትኩሳት አልነበረም፤ በሱ አነጋገር ግንባሩ ላይ እንቁላል ይጠበስ ነበር። ሲለቀው ግን ባዶ እጁን አልሄደም። ማሽተቱን ይዞበት ሄደ።

ያወቀው በአባቱ ካፖርት ነው። ካፖርቱ ሳጥን ውስጥ ተቀምጦ ኖሯል፤ የናፍጣና የትምባሆ ሽታው እንዳለ ነበር፤ ጉግሳም ሰው ሳያየው አንዳንዴ ሳጥኑን ከፍቶ ፊቱን ይቀብርበት ነበር። ከትኩሳቱ እንደተነሳ እንደዚያው አደረገ። ምንም። ጨርቅ ብቻ። ያን ቀን ጉግሳ ካገባ ወዲህ ለመጀመሪያ ጊዜ ምሳ ላይ ዝም አለ። ሚስቱ በለጠች ሐኪም ልትጠራ ምንም አልቀራት።

ለማንም አልተናገረም። ለበለጠችም አልነገራትም፤ እሷ ራሷ ደረሰችበት። አንድ ቀን ከገበያ ስትመለስ ወጡ አርሮ፣ ቤቱ በጭስ ታፍኖ፣ ጎረቤት ባልዲ ይዞ እየሮጠ፣ ባሏ ምድጃው አጠገብ ጀርባውን ሰጥቶ በስልኩ የኳስ ውጤት ያያል።

«ጉግሳ!»

«ምነው? ደረሰ እንዴ ወጡ?»

በለጠች የዚያን ቀን ስቃ ልትሞት ነበር፤ ከዚያ አዘነች፤ ከዚያ እንደገና ሳቀች። ምስጢሩን ግን ጠበቀችለት። ጠብቃ ብቻም አልቀረች፣ ዘዴ ፈጠሩ፤ የትኛው ሽታ የምን በሽታ እንደሆነ አስጠናት። ጉግሳ መኪና እንዲያሸት ሲጠራ «ሚስቴን ነፋስ ላስመታ» ብሎ ይዟት ይሄዳል። እሱ ከጭስ ማውጫው ኋላ ቁጢጥ ይላል፤ እሷ ከጀርባው በነጠላዋ አፏን ሸፍና ትቆማለች። አንዴ ካሳለች ቤንዚን በዝቷል ማለት ነው። ሁለቴ ከሆነ ዘይት እየተቃጠለ ነው። ሦስቴ ከሆነ ውሃ። ጉግሳ ሳሉን ይሰማና፣ በላዩ የራሱን ቅመም ጨምሮ ያውጃል። ማንም አልነቃባቸውም።

አንድ ነገር ብቻ አስቸገረ፤ ሽቶ። የድሬዳዋ ሙቀት ግመል እንኳ ጥላ የሚያስለምን ሙቀት ነው። ጉግሳ ላብ ላብ ልበል ይሆን ብሎ ይሰጋል፤ ልሽተት አልሽተት በምን ይወቀው? ስለዚህ ይረጫል። ረጭቶ ይስባል፤ ምንም አይሸተውም፤ አነሰ ብሎ ይጨምራል። ከቤቱ ሲወጣ ዝንቦች መንገድ ይለቁለት ነበር። ከደቻቱ ወንዝ ወዲያ ማዶ ያለ ሰው ጉግሳ እየመጣ መሆኑን ሳያየው ያውቃል።

እንዲህ እየኖሩ ሳለ ኮሮላዋ ታመመች።

የጉግሳ ኮሮላ አሮጊት ናት፤ ግን በጉግሳ አፍ ጃፓኖች እሷን ከሠሩ በኋላ ደክሟቸው ተቀምጠዋል። በጥቂት ወር ውስጥ ቤንዚን መጋት ጀመረች። ማደያ ሰልፍ ላይ ግማሽ ቀን ቆሞ የሞላው ታንከር ሁለት ጊዜ ሳቢያን ሰፈር ደርሶ ሲመለስ ያልቃል። ቆማ ስትነሳ ትንተባተባለች፤ ከኋላዋ ጥቁር ጭስ ትለቃለች። ከመሪው ጀርባ፣ የሞተር ሥዕል ያለባት ብጫ መብራት በርታ አልጠፋ አለች።

መብራቷን ጉግሳ በቀላሉ አከማት። የቁልቢ ገብርኤልን ትንሽ ሥዕል ለጠፈባት። ውጤቱ ከጠበቀው በላይ ሆነ፤ መብራቱ ከሥዕሉ ኋላ ሲበራ መልአኩ ራሱ ላይ ብርሃን የወጣለት መሰለ። ተሳፋሪ እያየ ያማትባል። «ሞተሩን ሳስነሳ እሱም ይነሳል» ይላል ጉግሳ። ሐሰትም አልነበረም።

አንድ ቀን በለጠችን ወደ አው አብዱሰመድ ሱቅ ወሰዳት። አው አብዱሰመድ የመኪና ዕቃ ሻጭ ናቸው፤ ሐረሪ፣ ሽማግሌ፣ ሲጋራ ከተውም በኋላ ሳል ያልተዋቸው፤ ሰው ሁሉ በአክብሮት «አው» ይላቸዋል። በለጠች ከመኪናው ስትወርድ ነጠላዋን አፍንጫዋ ላይ ጥላ ነበር።

«ምነው እቴ፣ አመመሽ?» አሉ አው አብዱሰመድ።

«ይቺ መኪና ናት የምታመኝ፤ ቤንዚኑን ሳትፈጨው ነው የምታስመልሰው። ጥሬ ቤንዚን ቤንዚን ትላለች። ነዳጅ እየበዛባት ነው ብለው እስኪ እርስዎ ይንገሩት፤ እኔን አይሰማም።»

«ተይ በለጠች» አለ ጉግሳ ሳቅ ብሎ። «ነዳጅ በዛ አነሰ የባጃጅ በሽታ ነው። የኔ መኪና ከታመመች በትልቅ በሽታ ነው የምትታመመው።»

አው አብዱሰመድ ሊስቁ ፈልገው ሳሉ።

አሁን ሰማታር ይግባ። ሰማታር ከደቻቱ ዳር በኒም ዛፍ ጥላ ስር ጋራዥ አለው፤ መካኒክ ነው፣ ሱማሌ ነው፤ ጉራውም ከጉግሳ ጉራ አንድ ጣት አያንስም። ሁለቱ አንድ በርጫ ላይ ሲቀመጡ ሌላው ሰው ለመናገር ሰልፍ ይይዛል። ሰማታር በቅርቡ ከሐርጌሳ መዳፍ የምታህል ኮምፒውተር አምጥቷል፤ ከመሪው ስር ካለ ሶኬት ላይ ትሰካለች፣ የሞተሩን በሽታ በቁጥር ትናገራለች። ከዚያን ቀን ጀምሮ «ዶክተር» ካላላችሁት ዞር ብሎ አያይም።

ጉግሳ በርጫው ላይ ሲደርስ ሰማታር ብድግ አለ።

«ዋሪያ ጉግሳ! አንተን ሳላይ ጭስህን አየሁ። የጥንቱ ባቡር፣ ሸማንደፈር፣ ተመለሰ ብዬ ወደ ለገሀር ልሮጥ ነበር!»

ሰዉ ፈነዳ።

«ጉልበት ነው» አለ ጉግሳ ትራሱን እያመቻቸ። «ደካማ ሞተር ጭስ ከየት ያመጣል?»

«አቦ ተው! ታማለች። አምጣት፣ ኮምፒውተሬ አንዴ ትያት።»

«የኔን መኪና? በመጫወቻ? እኔ እያለሁ?» ጉግሳ ደረቱን ነፋ፤ ሽቶው በክፍሉ ውስጥ አንድ ጊዜ ዞረ። «አባቴ ባቡር ያሸት ነበር፣ ሰማታር። ባቡር!»

«ሀዬ፤ እንወራረድ። ነገ ከምሳ በኋላ፣ ሰው ሁሉ ባለበት። አንተ አሽትት፣ እኔ ልሰካ። አንተ ካወቅህ ኮምፒውተሬን ደቻቱ ውስጥ እወረውራለሁ፤ ጎርፍ ይውሰዳት። ካላወቅህ ግን ስሙን ታመጣለህ። ከነገ ጀምሮ ሰማታር አፍንጫ ነኝ።»

ስም! በድሬዳዋ ሰው በግ ይወራረዳል፣ ምሳ ይወራረዳል፤ ስሙን አስይዞ የተወራረደ ግን ማንም ሰምቶ አያውቅም። ጉግሳ የአባቱ ካፖርት ትዝ አለው። አፍንጫው ሞቷል፤ ካፖርቱም ጨርቅ ሆኗል፤ ከአባቱ የቀረው ያ ስም ብቻ ነው። እንቢ ቢል ፈራ ይባላል፤ ፈሪ ደግሞ ሌላ ስም ይወጣለታል።

«አምጣው!» አለ።

«ዳኛው እኔ ነኝ» አሉ አው አብዱሰመድ ከጥግ። «ሕጉም ይሄ ነው፤ የበሽታውን እውነት ቀድሞ የተናገረ ስሙን ይወስዳል። ማንም ይሁን ማን። አሚን በሉ።»

«አሚን!» አለ በርጫው።

ቤት ሲደርስ ጉግሳ እንደ አንበሳ አልነበረም።

«በሉዬ፣ ነገ እንዳትክጂኝ።»

«ምን ታስስለኛለህ? ነግሬህ የለ? ቤንዚን ነው የሚሸተኝ። አንዴ ነው የምስለው።»

«አንዴ? ያ ሁሉ ሰው ተሰብስቦ ‹ቤንዚን በዝቷል› ልበል? ይሄማ ማደያ ያለ ቀጂም ይለዋል። እስኪ ረጋ ብለሽ አሽትቺ፤ ከስር ሌላ ነገር ይኖራል።»

«ከስር ያለው የአንተ ሽቶ ነው። ልርዳህ፤ ግን ነገ ሽቶ አትቀባ። በሱ ውስጥ እንኳን ቤንዚን፣ የሞተ ጅብም አይሸተኝም።»

ማለላት። በቁልቢው ማለላት። ግን በማግስቱ ሊወጣ ሲል ፍርሃት ያዘው፤ ላቡ በጀርባው ወረደ። ትንሽ ብቻ ብሎ ረጨ። ሳበ። ምንም። አነሰ ብሎ ጨመረ። በለጠች መኪናው ውስጥ እንደገባች መስኮቱን እስከ ታች አወረደችና ጭንቅላቷን ወደ ውጭ አወጣች።

ኒሙ ስር ግማሽ ድሬዳዋ ተሰብስቧል። ሌላው ግማሽ መንገድ ላይ ነው። የባጃጅ ሹፌሮች ሰው ጭነው ሳለ ቆመው ያያሉ፤ የተጫኑትም አልተቆጡም። ኮሮላዋ ሞተሯ እንደተነሳ ተንተባተበችና ጥቁር ጭስ ለቀቀች። ጉግሳ እጅጌውን ሰብስቦ፣ ጀርባውን ለሕዝቡ ሰጥቶ ከጭስ ማውጫው ኋላ ቁጢጥ አለ። ዓይኑን ጨፈነ። ሳበ። ከኋላው በለጠች ቆማለች።

እህ! ሳለች። አንዴ፣ ጥርት ያለ።

ጉግሳ ሰምቷል። «ቤንዚን በዝቷል» ብሎ ቢነሳ ነገሩ እዚያው አልቆ ነበር። ግን መልሱ ትንሽ ሆነበት። ለእንዲህ ያለ ሕዝብ እንዲህ ያለ ሚጢጢ መልስ? እስኪ ትንሽ ልቆይ አለ። ልክ በዚያች ቅጽበት ጭሱ ወደ አው አብዱሰመድ ዞረ፤ ሽማግሌው ደግሞ ሳል ከጀመሩ የሚያቆሟቸው ዘመዶቻቸው ብቻ ናቸው።

እህ! እህ!

ሦስት! አለ ጉግሳ በልቡ። ውሃ! ቴስታታ! ይሄ ነው የምፈልገው በሽታ!

«ቴስታታው ተሰንጥቋል!» ብሎ ጮኸ። «ውሃ እየተቃጠለ ነው!»

በለጠች ደነገጠች። ስህተቱን ልታርም በንዴት አንዴ ሳለች፤ እህ! አራት ሆነ። ለአራት ስምምነት አልነበራቸውም። ጉግሳ ግራ ገባው፤ ከዚያ ነፋሱ ዞረና ጭሱ ሕዝቡ መካከል ገባ፤ ሰዉ ሁሉ አንድ ላይ ማሳል ጀመረ፤ ባጃጅ ውስጥ ያሉት ሳይቀሩ። አምስት! ስምንት! ሃያ! ጉግሳ በሕይወቱ እንዲህ የታመመ ሞተር ሰምቶ አያውቅም።

«ዘይቱም ነው!» ብሎ ተነሳ፣ እጆቹን ዘርግቶ። «የፒስተኑ ፋሻ አልቋል! ካርቡራተሩም ተበላሽቷል! ወገኖቼ፣ ይሄ ሞተር ሞቷል፤ በኔ እጅ ስለሆነ ብቻ ነው የሚሄደው!»

«ኮሮላህ ካርቡራተር የላትም» አለ ሰማታር ቀስ ብሎ።

«አለመኖሩ ነዋ በሽታው!»

ሰማታር ሳቁን ውጦ ኮምፒውተሯን ሰካ። ቁጥር አወጣች። ስልኩ ላይ ትርጉሙን አነበበ፤ ደረቱን ነፋ።

«ጀመዓ፣ ስሙ! ኮምፒውተር ተናገረች። ሞተሩ ውስጥ አየር በዝቷል፤ ቤንዚን አንሷል! ቤንዚን ተርባለች!»

ሕዝቡ ሊያጨበጭብ እጁን ሲያነሳ ከኋላ የሴት ድምፅ መጣ።

«አንሷል?» በለጠች ነጠላዋን ከአፏ አውርዳ ወደ ፊት መጣች። «ማነው ያነሰው? ጥሬ ቤንዚን ዓይኔን እያቃጠለው፣ ጭሱ እንደ ከሰል ጠቁሮ፣ አንሷል ይላል? ሰማታር፣ ኮምፒውተርህን ጉንፋን ይዟታል።»

ሳቅ ሆነ። ሰማታር ግን አልሳቀም። ጉረኛ ነው እንጂ ሥራውን ያውቃል። ጭስ ማውጫው ጋ ሄዶ ጣቱን በቧንቧው ጠርዝ ላይ ሰደደ፤ ጣቱ በጥቀርሻ ጠቆረ። ጭሱን አየ፣ ኮምፒውተሯን አየ፣ በለጠችን አየ።

«እትዬ በለጠች፣ አንድ ነገር አለሽ» አለ። «ወላሂ አለሽ። ሁለቱ ባንድ ላይ አይሆኑም። ቤንዚን አንሶ እንዲህ አይጨስም። እንግዲህ ኮምፒውተሯን አንድ ሰው እየዋሻት ነው።»

ኮፈኑን፣ የሞተሩን ክዳን፣ ከፈተ። ሞተሩ ጭሱን የሚለቅበት ወፍራም ቧንቧ ላይ የተሰካች፣ እሳት የምትጭረውን ካንዴላ የምትመስል፣ ሽቦ ያላት ነገር አሳየ።

«ይቺ ናት፤ ኦክስጅን ሴንሰር። ጭሱ ውስጥ ምን ያህል አየር እንደተረፈ እያሸተተች ትነግራለች። ኮምፒውተር ዓይን የለውም፤ እሷ ያለችውን ነው የሚያምነው።»

ሽቦዋን ዳሰሰ፤ ደህና ነበር። ቧንቧው የተቀደደበት እንዳለ በእጁ ዳር ዳሩን ፈለገ፤ የለም። ከዚያ የኤሌክትሪክ መለኪያውን፣ ቴስተሩን፣ ሽቦዋ ላይ አደረገ፤ ቁጥሩ ከዜሮ ትንሽ ከፍ ብሎ ተኝቷል።

«ደህና ብትሆን ይሄ ቁጥር እንደ ሕፃን ይዘል ነበር፤ ወደ ላይ፣ ወደ ታች። አሁን ልፈትናት።» ሞተሩ አየር የሚስብበትን አፍ በጨርቅ ግማሹን ሸፈነው። ሞተሩ አጓራ፤ ጥቁሩ ጭስ እጥፍ ሆነ፤ አው አብዱሰመድ እንደገና ሳሉ። ቁጥሩ ግን ከተኛበት አልተነቃነቀም። «አያችሁ? አየር ከለከልኳት፣ በቤንዚን አሰጠምኳት፤ እሷ ግን አሁንም ‹አየር ብቻ ነው የሚሸተኝ› ትላለች። ሞታለች!»

«እሺ፣ ከሞተች ዝም አትልም ነበር? ለምን ቤንዚን ያስበላታል?» አለ አንድ የባጃጅ ሹፌር።

«የሞተ አፍንጫ ክፋቱ እሱ ነው፣ ያ አኺ!» ሰማታር ሞቀው፤ ድምፁን ከፍ አደረገ። «ራሱ እንደሞተ አያውቅም! ያሸታል፤ ምንም አይሸተውም። ‹አነሰ› ይላል። ይጨመራል። እንደገና ያሸታል፤ ምንም። ‹አነሰ› ይላል። ይጨመራል፣ ይጨመራል፣ ይጨመራል... እሱ አልበቃኝም እያለ ከአጠገቡ ያለው ሰው ታፍኖ ይሞታል!»

ይህን ተናግሮ እንደጨረሰ ነፋሱ ከጉግሳ በኩል መጣ። አንድ በአንድ፣ ማንም ሳያዝዘው፣ ሰዉ ሁሉ ፊቱን ከኮሮላዋ ወደ ጉግሳ ሸሚዝ አዞረ።

ጉግሳ ወደ ኋላ አንድ እርምጃ ሄደ። «ምን ታዩኛላችሁ?»

አው አብዱሰመድ ከወንበራቸው ተነሱ። ጨብጠው የያዙትን እጃቸውን አምጥተው ከጉግሳ አፍንጫ ስር አደረጉ።

«ጉግሳ ልጄ፣ እስኪ ይቺን አሽትትልኝ። ምን ይዣለሁ?»

በለጠች ልትስል አሰበች፤ ለዚህ ደግሞ የሚሳል ሳል የለም። ጉግሳ ዓይኑን ጨፈነ። ሳበ። አሰላሰለ። እንደገና ሳበ። ሽማግሌው የሐረር ሰው ናቸው፤ ቅመም ይወዳሉ።

«ቅርንፉድ ነው» አለ። «አዲስ አይደለም፤ ከርሟል። የዛንዚባር ነው፤ በመርከብ የመጣ። ትንሽ እርጥበት ነክቶታል።»

አው አብዱሰመድ እጃቸውን ዘረጉ። ባዶ ነበር።

ሳቁን መልካ ጀብዱ መንደር ድረስ ሰምተውታል ይባላል። የባጃጅ ሹፌር ከወንበሩ ወደቀ፤ እሱ ከዚያን ቀን ጀምሮ ፓራሹት ሁለተኛ ነው። ሰማታር ኮፈኑ ላይ ተደፍቶ ጀርባው ይንቀጠቀጣል። ጉግሳ መካከላቸው ቆሟል፤ የሽማግሌውን ባዶ መዳፍ ያያል።

«ከመቼ ወዲህ ነው?» አሉ አው አብዱሰመድ፣ አሁን ዝቅ ብለው።

«ከትኩሳቱ ወዲህ።»

«እኛስ ሽቶህን ወደኸው ነው ብለን ነበር። አላህ ያውቃል፣ ሳሌ የሚነሳብኝ አንተ ስትመጣ ነው እል ነበር።»

ሰማታር ዓይኑን እየጠረገ ቀና አለ። «ሕግ ሕግ ነው አው! ስሙን ያስረክብ። ሴንሰሩን ያገኘሁት እኔ ነኝ። ሰማታር አፍንጫ!»

«ቆይ» አሉ ዳኛው። «ሕጉ ምን ይላል? እውነቱን ቀድሞ የተናገረ፤ ማንም ይሁን ማን። ጉግሳ ቴስታታ አለ፤ ሐሰት። አንተና ኮምፒውተርህ ቤንዚን አንሷል አላችሁ፤ ሐሰት። ቤንዚን በዝቷል ያለው ማነው? እኔ ሱቅ በር ላይ፣ ሁላችሁም ሳታውቁ፣ በጆሮዬ የሰማሁት ከማን ነው? ዛሬስ ኮምፒውተርህ ስታሳስትህ የመለሰህ ማነው?»

ሰማታር አሰበ። ጭንቅላቱን አከከ። ከዚያ እንደ ጨዋ ሰው ሁለት እጁን ወደ በለጠች ዘረጋ።

«አፍንጫ በለጠች!» አለ።

«አፍንጫ በለጠች!» አለ ኒሙ ስር ያለው ሁሉ። በለጠች ነጠላዋን ራሷ ላይ አስተካከለች፤ ስትጠብቀው እንደኖረች ዓይነት።

ከዚያ ሥራው ሆነ። አው አብዱሰመድ ሱቃቸው ሄደው አዲሲቷን ሴንሰር እስኪያመጡ ሰማታር የአሮጌዋን ሴንሰር የብሎን ጥርስ በዝገት ማላቀቂያ አርሶ፣ ሞተሩ ገና ሞቅ እያለ የመፍቻ ቁልፉን አስገባ። እንቢ አለች። የቁልፉን እጀታ በብረት ቧንቧ አስረዘመ። እንቢ አለች። ጉግሳ እጅጌውን ሰብስቦ መጣ፤ ሁለቱ ጉረኞች አንድ ላይ ተንጠለጠሉበት፤ ቋ! ብላ ለቀቀች። ጫፏ እንደ ምድጃ አፍ ጥቀርሻ ለብሷል። አዲሲቷን ሰማታር ጥርሷን ብቻ ቅባት ቀባ፤ ጉግሳ ጫፏንም ሊቀባላት ሲጠጋ እጁን መታው።

«አፍንጫ አይቀባም! እስካሁን አልገባህም?»

ሽቦዋን ሰክቶ፣ ኮምፒውተሯ የያዘችውን የቆየ ስህተት ሰርዞ፣ «አስነሳ» አለ። ኮሮላዋ ተነሳች። አልተንተባተበችም። ጥቁሩ ጭስ መጀመሪያ ትንሽ ትንሽ አለ፣ ከዚያ ሳሳ፣ ከዚያ ጠፋ። ከመሪው ጀርባ የቁልቢው ሥዕል ብርሃኑ ጠፍቶ፣ ተራ ወረቀት ሆኖ ቀረ። ጉግሳ አየውና አማተበ።

«አረፈ» አለ። «ስንት ወር ሙሉ ሌት ተቀን ሲጠብቀኝ ቆመ እኮ።»

ደንገጎን ወጥተው ሊሞክሯት ሄዱ፣ እሱና በለጠች ብቻ። ያ ዳገት አይዋሽም፤ ባለፈው ሳምንት መሃሉ ላይ ተንተባትባ ከኋላዋ አይሱዙ ጡሩምባ እያስጮኸ አዋርዷት ነበር። ዛሬ ግን ጠመዝማዛውን እንደ ፍየል ወጣችው። ጉግሳ ጉሮሮውን ጠረገ።

«ሲታሰብ እኮ አልተሸነፍኩም» አለ። «ስሙ ከቤት አልወጣም። አባቴ ለኔ ሰጡ፤ እኔ ለሚስቴ ሰጠሁ። ሰማታር ደጅ ቀረ።»

«ሰጠኸኝ?»

«በፈቃዴ! ባልፈልግ ከጄ ማን ይወስደው ነበር?»

በለጠች ሳቀች። አናቱ ላይ ሲደርሱ መኪናውን አቆመ፤ ወረዱ። ከታች ድሬዳዋ በሙቀቷ ውስጥ ተዘርግታለች፤ የከዚራ ዛፎች፣ የደቻቱ ነጭ አሸዋ፣ ከዚያ ወዲያ ሜዳው። ጉግሳ ከልማዱ አየሩን ሳበ። ከዚያ ለመጀመሪያ ጊዜ ሳይፎክር ጠየቀ።

«ምን ይሸታል?»

በለጠች ዓይኗን እንደ እሱ ጨፈነች። አልቸኮለችም። «ጥድ ጥድ» አለች። «ከዚያ ማዶ የሆነ ቦታ ዝናብ ጥሏል፤ አፈር ይሸታል። የሞቀ ጎማ። ትንሽ ናፍጣ፤ ቅድም ያለፈው አይሱዙ ይመስለኛል... የአባትህን ካፖርት ይመስላል።»

ጉግሳ ጠጋ አላት።

«ቤንዚንስ?»

«የለም። መኪናህ ድናለች።»

«አየሽ! እኔስ?»

«አንተማ» አለች በለጠች ነጠላዋን አፍንጫዋ ላይ እየመለሰች፣ «ገና አልተቀየርክም።»

አሁን አሮጌ መኪና የሚገዛ ሰው ሁለቱንም ነው የሚጠራው። በለጠች ከጭስ ማውጫው ኋላ ትቆማለች፣ አንድ ቃል ትናገራለች፤ ጉግሳ ያንን አንድ ቃል ወስዶ እስከ ፀሐይ መጥለቂያ ድረስ ያብራራል። የሞተችውን ሴንሰር ከመስታወቱ ላይ አንጠልጥሏታል። ለሚጠይቀው ሁሉ ከአባቱ የወረሳት የባቡር ዕቃ ናት ይለዋል። ጠዋት ጠዋት ግን ከቤት ሳይወጣ በለጠች ፊት ቀርቦ ይቆማል፤ እሷ አንዴ ትስባለች፤ እሱ የሽቶውን ጠርሙስ ይዞ ይጠብቃል።

«በቃ» ትለዋለች። እሱም ጠርሙሱን ይከድናል።